ዳሸን ፍሪጅ ውስጥ

አጎቴ ከካርኮቭ ይዞት የመጣው የፊልም ካሜራ ጎንደር ላይ ጤነኛ ነው፤ ደባርቅን አልፎ ሳንቃበር ሲደርስ ይታመማል። ይህን ለጠጋኝ ማስረዳት ምን ያህል ጣጣ እንደሆነ የሚገባው፣ መኪናው መንገድ ሙሉ ሲንኳኳ ቆይቶ ጋራዥ በር ላይ ጸጥ የሚልበት ሰው ብቻ ነው።

ካሜራው ፌድ-5 ይባላል። የትውልድ ታሪኩ ጉድ ነው። ካርኮቭ ውስጥ፣ በዛሬዋ ዩክሬን ማለት ነው፣ አንቶን ማካሬንኮ የተባለ ዝነኛ መምህር የመራው የሥራ ማኅበር ነበር። የሚኖሩበትም ወላጅ ያጡና ጎዳና የወደቁ ልጆች ነበሩ። ልጆቹ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ይሠሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1934 ደግሞ የጀርመኑን ላይካ አይተው የራሳቸውን ካሜራ ማምረት ጀመሩ። ለካሜራው የሰጡት ማኅበሩ የተሰየመበትን ሰው የስም መነሻ ፊደሎች ነው፤ ፌሊክስ ኤድሙንዶቪች ድዘርዥንስኪ፣ ቼካ የተባለውን የሶቪየት ምስጢራዊ ፖሊስ የመሠረተው። አጎቴ በደርግ ጊዜ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ይህን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ፒያሳ ለፒያሳ ይዞር ነበር። ሰው የስሙን ምንጭ ቢያውቅ ኖሮ ፊቱ የሚቆመው ፎቶ ለመነሣት ሳይሆን ቃል ለመስጠት ነበር።

ቃል መቀበሉ ቀርቶበት ለኔ ተረፈ። በመስኮቱ ሲታይ ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት ነው፤ ጠጅ ቤት ማምሸት አያስፈልግም። የሌንሱን ቀለበት ስታዞሩ ሁለቱ ሰውዬ ይቀራረቡና አንድ ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ ርቀቱ ተስተካክሏል። ክንዱን ስቦ ፊልሙን ማሳለፍ፣ ቁልፉን መጫን፣ ቀጭ። ባትሪ የሚባል ነገር ሥራዬ ብሎ አይጠይቅም።

ወደ ሕመሙ እንምጣ። ጎንደር ከባሕር ወለል ወደ 2,100 ሜትር ላይ ናት፤ ሰሜን ተራሮች ውስጥ ያለችው ጨነቅ 3,600 ትደርሳለች። አንድ ሺህ ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይወርዳል። ስለዚህ ከፒያሳ ማኪያቶ እስከ ጨነቅ ጋቢ ድረስ ወደ አሥር ዲግሪ እናጣለን፤ ሌሊቱ የሚጨምረውን ሳንቆጥር። ማለዳ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ሳለ የጭላዳ መንጋ ፊቴ ተቀምጦ ይግጣል። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የዓለም ጫፍ ቢዞር አይገኝም፤ ትዕግሥቱም እንደዚያው ነው። አንዱን ባለ ጎፈር አነጣጠርኩና ቁልፉን ተጫንኩ። ቀጭ አለ። ደስ ብሎኝ ክንዱን ብስበው በባዶ ሄደ። ቁልፉ ገብቶ ቀርቷል! በጥፍሬ ብቆነጥረው፣ ብነፋበት፣ ባሞቀው እምቢ። ጭላዳው የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን አሳየኝ፤ የዓመቱ ፎቶ እዚያ ላይ አለፈ።

አብሮን የነበረው የፓርኩ ስካውት ጠጋ ብሎ አየው። «ጌታው፣ ምላጩ ደርቋል» አለኝ። «የኔም ክላሽ ዘይት ሲበዛበት ጧት ጧት እንዲህ ይለኛል። ጠርጌ ነው የማሳድረው።» ነገሩ በሙሉ እዚያው አልቆ ነበር። ነገር ግን ካሜራ የያዘ ሰው ጠብመንጃ የያዘ ሰው ምክር ሲሰማ ታይቶ አይታወቅም።

ከተማ ስንገባ ፀሐይ ወጥታ ቁልፉ ድኗል። ምክር ግን ከዚያ በኋላ ነው የበዛው። የሠፈራችን ሾፌር ግሪስ አለ፤ የአዲስ ዓለሙ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና ዘይት በቆርቆሮው ሰጠኝ፤ አክስቴ ጸበል አሉ። ከሦስቱ ጉዳት የሌለው የአክስቴ ነው፣ እኔ ላይ ብቻ እስከተረጨ ድረስ። የፌድ መዝጊያ ከጨርቅ የተሠሩ ሁለት መጋረጃዎች ናቸው፤ በቁልፉ ቀዳዳ የገባ ዘይት እየሰረገ መጋረጃው ላይ ከደረሰ፣ የጎንደር የበጋ አቧራ ደግሞ ከተጨመረበት፣ መጋረጃው መጋረጃ መሆኑ ይቀርና ቡኮ ይሆናል።

ፒያሳ ጣሊያን ባቆማቸው ሕንጻዎች ሥር የሚሠሩ አንድ አዛውንት ሰዓት ሠሪ አሉ። ካሜራውን ተቀብለው ተጫኑት። ቀጭ። ክንዱን ሳቡ፣ ደገሙት። ቀጭ።

«ልጄ፣ ይሄ ምንም አላለም።»

«አባባ፣ ብርድ ላይ ነው የሚታመመው።»

«እንግዲያው ሲታመም አምጣልኛ።»

«ጨነቅ ነው የሚታመመው፤ እስከዚህ ሲመጣ ይድናል።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። እሳቸው ሱቃቸውን ዘግተው ተራራ አይወጡም፤ እኔም ብርድ በአገልግል ይዤ አልመጣም። ያስታረቀን ሰዓቱን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ነው። «ዳሸን ጋ ሲቀርብ ከሆነ የሚታመመው፣» አለ፣ «እታች ግሮሰሪው ፍሪጅ ሙሉ ዳሸን አለላችሁ።» ተሳለቀብኝ ብዬ ነበር፤ ሽማግሌው ግን መሣሪያቸውን መሰብሰብ ጀምረዋል።

ትእዛዛቸው የጥንቃቄ ነበር። ፊልሙ ይውጣ። ካሜራው በፌስታል ይጠቅለል፣ አየሩ ይውጣ፣ አፉ ይታሰር። ከፍሪጅ ሲወጣ ሙቀቱ ካልተስተካከለ በቀር ፌስታሉ አይፈታም፤ አለዚያ የክፍሉ እንፋሎት ቀዝቃዛው ብረትና መስታወት ላይ ጤዛ ይሆናል። ከፒያሳው ብርሃን ወደ ጨለማው ግሮሰሪ ስንገባ ባለቤቷ እታለም ፌስታሉን አየች፣ እኛን አየች፣ ሥጋ መስሏት «ጥሬ ነገር አላስቀምጥም» አለች። አስረድተን ከታችኛው መደርደሪያ፣ ከዳሸኖቹ መሐል አስተኛነው።

በመጀመሪያው ቀን መብራት ጠፋና ቢራውም ካሜራውም ለብ ብለው አመሹ። በማግስቱ ተሳካ። ሽማግሌው ፌስታሉን ሳይፈቱ፣ በላስቲኩ ላይ፣ ቁልፉን ተጫኑ። ቀጭ። ጣታቸውን አነሡ፤ ቁልፉ አልተነሣም።

«ታመመ! ታመመ!» ብለው ሲጮኹ ጠጪው ሁሉ ብርጭቆውን አስቀምጦ ብድግ አለ። ማን እንደታመመ እስኪጣራ ድረስ አንዱ ውኃ ይዞ መጥቶ ነበር።

ምርመራው እንዲህ ነው። ቀጭ ካለ መጋረጃው ሮጧል፤ ጥፋቱ እሱ ጋ የለም። የማይመለሰው የቁልፉ ዘንግ ነው። በዚህ ካሜራ ቁልፉ ሲወርድ ፊልሙን የሚጎትተው ጥርስ ይለቃል፤ ያለቀ ፊልም ወደ ጣሳው የሚጠቀለለውም በዚሁ ብልሃት ነው። ዘንጉ ታች ከቀረ ጥርሱ እንደተለቀቀ ይቀራል፣ ክንዱም በባዶ ይሄዳል። ክዳኑ ሲነሣ የካርኮቭ ግሪስ ዘንጉ ላይ ቢጫ ሆኖ ከአቧራ ጋር ረግቷል። ፒያሳ ላይ ይለሰልሳል፣ ስፕሪንጉም ያሸንፈዋል፤ ብርድ ሲይዘው ይጠጥርና ያሸንፋል። ሽማግሌው ክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልለው በንጹሕ ቤንዚን አጠቡት፣ አደረቁት፣ በመርፌ ጫፍ አንዲት ነጥብ የሰዓት ዘይት አስነኩት። ከዚያች ነጥብ በላይ ለምኜም አልጨመሩልኝም። ሲመልሱልኝ ፍጥነቱን ክንዱን ሳልስብ በፊት እንዳልቀይር በጣታቸው አስጠነቀቁኝ፤ የፌድ ጥርስ በዚህ ይሰበራል። ስካውቱ ጋ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ግን ይህ ሁሉ በጨርቅና በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቅ ነበር ብዬ አሁንም አምናለሁ።

ፈተናው ያው ፍሪጅ ውስጥ አድሮ መጫን ነው። አደረ፤ ተጫኑት፤ ተመለሰ። እታለም ግን ማሳደሪያ አላስከፍልም፣ ፎቶ አንሣኝ አለች። ሙቀቱ ሲስተካከል ፌስታሉን ፈትቼ ፊልም ከተትኩ። ነጠላዋን አስተካክላ ፍሪጁ አጠገብ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ሁለቱን እታለም አንድ አድርጌ ተጫንኩት።

«እስቲ አሳየኝ።»

የካሜራውን ጀርባ አሳየኋት፤ ጥቁር ቆርቆሮ ነው። ፊልሙ 36 እንደሚያነሣ፣ የሷ የመጀመሪያው እንደሆነ፣ ሲያልቅ ለሚሄድ ሰው ሰጥቼ አዲስ አበባ እንደማሳጥበው ነገርኳት። ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አባባ፣ ታዲያ ምኑን ነው የሠሩለት?»