የቪትዝ ትነት በሶማሌ ተራ፦ ቴርሞዳይናሚካዊ ጥናት

መግቢያ። ሩዶልፍ ክላውዚየስ እ.ኤ.አ. በ1865 ለኢንትሮፒ ስም ሲያወጣለት መርካቶን የማየት ዕድል አልገጠመውም። በመሆኑም በእንፋሎት ሞተር ተወስኖ ቀርቷል። ይህ ጥናት ክፍተቱን ይሞላል።

ንድፈ ሐሳብ። ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 እጥፍ በላይ ቦታ ይይዛል። አንዱ ሞለኪውል የት እንደገባ ለማወቅ ያለን ተስፋም አብሮ ይመነምናል፤ ኢንትሮፒ ጨመረ የሚባለው ይኼኔ ነው። የብዙ ፈሳሾች ጭማሪ በሞል በኬልቪን 87 ጁል ገደማ ሲሆን የውሃ 109 ይደርሳል፤ ሞለኪውሎቹ ቀድሞውንም ተሳስረው የኖሩ ናቸውና። ሥርዓት የለመደ ሲበተን ክፉኛ ይበተናል።

ምልከታ። ከአጥር ውጭ ያደረች ቪትዝ ፈሳሽ ናት። ትነት ከገጽ ስለሚጀምር ቀድመው የሚሄዱት ስፖኪዮና ፍሬቻ ናቸው፤ ሞተርና ካምቢዮ የሚከተሉት መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ስትፈላ ብቻ ነው። አንዳንድ ባለቤቶች መስታወቱ ላይ የታርጋ ቁጥር ያስቀርጻሉ። ይህ ሞለኪውሉን ስም ያሰጠዋል እንጂ ከመትነን አያግደውም። (ተጋጭታ በወግ የተፈታች መኪና የጥናቱ አካል አይደለችም።)

ጠዋት ባለቤቱ የተነነውን ስፖኪዮ ፍለጋ የመርካቶ የመኪና ዕቃ ገበያ ከሆነው ሶማሌ ተራ ይደርሳል። እስከ ጣሪያ የተከመረው በር፣ ኮፈንና ፓራውልት ለእሱ ጋዝ ነው። ለደላላው ግን አይደለም። «የስንት ሞዴል ናት? ቀኝ ነው ግራ?» ብሎ ይሰወርና ስፖኪዮውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ብቅ ይላል።

ውይይት። ጄምስ ክለርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1867 ሞለኪውሎችን አንድ በአንድ እየለየ ኢንትሮፒን የሚቀንስ ፍጡር በሐሳቡ ፈጥሮ ነበር። ፊዚክስ ጋኔን ይለዋል፤ መርካቶ ውስጥ በኮሚሽን ይሠራል። ኢንትሮፒ በራሱ አይቀንስም የሚለውን ሁለተኛውን የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ በነፃ ይጥሳል ወይ የሚለው ክርክር ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ቁልፉ የተገኘው ሮልፍ ላንዳወር እ.ኤ.አ. በ1961 ባቀረበው ሐሳብ ነው፦ መረጃን መደምሰስ የግድ ጉልበት ያስወጣል። የሚያስከፍለው ማወቅ ሳይሆን መርሳት ነው።

መደምደሚያ። የመስክ መረጃው ከዚህ ጋር ይገጥማል። ስፖኪዮው ከየት እንደመጣ የተጠየቀ ደላላ ወዲያው ይረሳል፤ ዋጋውም ወዲያው ይጨምራል። ስለዚህ «ትንሽ ቀንስልኝ» ማለት ደላላውን ትንሽ አስታውስልኝ ብሎ እንደመለመን ነው፤ ይህን ደግሞ ሻጩም ገዢውም አይፈልጉትም።