በኦዲት ዋዜማ የሚከሰት ጥራት፦ ጠባዩ፣ መንስኤውና የሚቆይበት ጊዜ

ስለ ትምህርት ጥራት መውደቅ በአገራችን ብዙ ተጽፏል። ጥራቱ በድንገት ስለሚነሣበት ወቅት ግን የጻፈ የለም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት ይሞክራል። የጥናቱ ቦታ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ስሙን የደበቅነው የምርምር ሥነ ምግባር አስገድዶን ሳይሆን ሌሎቹ «እኛስ ምን ጎደለን?» ብለው እንዳይቀየሙ ነው።

የተመሠረትንበት ማዕቀፍ «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው አገር በቀል ንድፈ ሐሳብ ነው። ማዕቀፉ አንድ ማሻሻያ ብቻ አስፈልጎታል። የእኛ ሰርገኛ የሚመጣበትን ቀን አስቀድሞ በደብዳቤ ያሳውቃል፤ ከመምጣቱም በፊት ቤቱ ራሱን ገምግሞ ሰነድ እንዲልክለት ይጠይቃል። በርበሬው የሚቀነጠሰው ግን ያው በዋዜማው ሌሊት ነው።

የውጭ የጥራት ኦዲት ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ በአዋጅ ቁጥር 351/1995 ሲቋቋም ሥራውም አብሮ መጣ፤ ዛሬ ኃላፊነቱ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ኤጀንሲው ለተቋማዊ ኦዲት 10 የትኩረት መስኮች ነበሩት፤ ከራዕይና ተልዕኮ ይጀምሩና አስተዳደሩን፣ መምህሩን፣ ቤተ መጻሕፍቱን አልፈው የውስጥ ጥራት ማረጋገጫ ላይ ያበቃሉ። ቁጥሩ ለዩኒቨርሲቲ የተመቸ ነው፤ 10 ንዑስ ኮሚቴ ይወጣዋል። ንዑሳኑን የሚያስተባብር ዐቢይ ኮሚቴ፣ ዐቢዩን የሚከታተል ግብረ ኃይል፣ ለሁሉም አበል ይታከልበታል። የመጀመሪያው ስብሰባ አጀንዳ አበሉ እንደነበር ቃለ ጉባኤው ያሳያል። በዕለቱ የተጻፈ ብቸኛው ቃለ ጉባኤም እሱ ነው።

የግለ ግምገማው ሰነድ ድክመትንም እንዲያካትት ይጠበቃል፤ ምንም ድክመት የሌለበት ሰነድ ያስጠረጥራል። ስለዚህ ጥሩ ድክመት መምረጥ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ጥሩ ድክመት ማለት መንስኤው ከግቢው አጥር ውጭ የሚገኝ ነው፤ የበጀት እጥረትና የውጭ ምንዛሪ ችግር በዚህ ረገድ ተወዳዳሪ የላቸውም። አንድ የዋህ የትምህርት ክፍል ኃላፊ «አንዳንድ መምህራን ክፍል አይገቡም» ብሎ ጽፎ ነበር። ዐረፍተ ነገሩ በሦስት ኮሚቴዎች ካለፈ በኋላ «የክፍለ ጊዜ አጠቃቀምን ይበልጥ ማጎልበት የሚያስፈልግበት ሁኔታ መኖሩ» ሆኖ ወጣ።

የጥናቱ ዋና ግኝት ያለው ግን ማስረጃ ላይ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ ከቀጣሪዎች ጋር ተከልሷል? ቃለ ጉባኤ ይቅረብ። የተማሪ ቅሬታ ይሰማል? ቃለ ጉባኤ ይቅረብ። ከዚህ የተነሣ በዋዜማው ሳምንት የአራት ዓመት ስብሰባ በአራት ሌሊት ይካሄዳል። ጸሐፊዋ ባዶ ቦክስ ፋይሎቹን በቀለም ለይታ ትደረድራለች፤ አንጋፋ መምህራን ሰማያዊና ጥቁር እስክሪብቶ እያቀያየሩ ይፈርማሉ። ልምድ ያላቸው ሁለት ሦስት ሰው «በፈቃድ የቀረ» ያደርጋሉ፤ ሁሉም የተገኘበት የትምህርት ክፍል ስብሰባ እንደማይታመን ያውቃሉ። ለሦስተኛ ዲግሪ ውጭ አገር የነበረ አንድ ባልደረባ በዚያው ዓመት እዚህ ሆኖ ሰባት ጊዜ ሐሳብ መስጠቱ ተመዝግቧል፤ ሐሳቦቹም በሳል ናቸው። አንድ ስብሰባ ጥር 11 ቀን መዋሉ የታወቀው ከተጠረዘ በኋላ ነው። ይቀደድ፣ አይቀደድ የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ በመጨረሻ በጥምቀት ዕለት እንኳ ለጥራት መሰብሰብ የቁርጠኝነት ማሳያ ነው ተብሎ ባለበት ጸደቀ።

የግቢውን ለውጥ በአጭሩ እናልፈዋለን። የመንገዱ ጠርዝ ኖራ ይቀባል፣ መጸዳጃ ቤት ሳሙና ይገባል፣ ጊዜው ያለፈበት ኬሚካል ወደ መጋዘን ሲወርድ ካርቶናቸው ያልተከፈተ መጻሕፍት ከዚያው መጋዘን ይወጣሉ። የሚሠራው ፕሮጀክተር ከኦዲተሮቹ አንድ ሕንፃ ቀድሞ ይጓዛል። የዩኒቨርሲቲውን ራዕይ አንድ ቃል ሳያዛንፉ የሚወጡት የበር ጥበቃዎቹ ናቸው፤ ፕሬዚዳንቱ ወረቀት ያያሉ። በዶርም ውሃ በመምጣቱ የተደናገጠ ተማሪ አጥኚውን «እስከ መቼ ነው?» ብሎ ጠይቆታል። ሳይንሳዊ ጥያቄ ነው። መልሱ፦ የእንግዶቹ መኪና ዋናውን በር እስኪያልፍ።

ኦዲተሮቹ ይህን አያውቁም ማለት አይደለም። አብዛኞቹ ራሳቸው የሌላ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው፤ በየቤታቸው በርበሬ ቀንጥሰው ያውቃሉ። አዲስ የተፈረመ አሮጌ ቃለ ጉባኤ ሲያገላብጡ ፊታቸው ላይ የሚታየው ጥርጣሬ ሳይሆን ትዝታ ነው። የጸሐፊው የግል አስተያየት ካስፈለገ፣ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፦ ጠያቂውም ተጠያቂውም የሚተዋወቁበት ወረቀት ስለ ተማሪው አንዳች አይናገርም።

በዚህ ረገድ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ሥርዓት የጎደለው አካሄድ ይታይበታል። ተማሪውን ብቻውን አስቀምጦ የተማረውን ይጠይቀዋል፤ 50 ከመቶ ካላመጣ አያሳልፈውም። ቦክስ ፋይል አይመለከትም፣ ኖራ አይቆጥርም፣ መስተንግዶም አይቀበልም። ይህን እንደ ዘዴ ጉድለት መዝግበነዋል።

የኦዲቱ ሪፖርት ምስጋናና ምክረ ሐሳብ ይዞ ይመጣል። ምስጋናው ባነር ላይ ይታተማል፤ ለምክረ ሐሳቡ የማሻሻያ ዕቅድ ይወጣል፤ ዕቅዱን የሚከታተል ኮሚቴም ይሰየማል።

ይህ ኮሚቴ ከተሰየመበት ዕለት ጀምሮ ስላካሄዳቸው ስብሰባዎች አንዳች ቃለ ጉባኤ አልተገኘም። ስለሆነም በኮሚቴው አባልነት የነበራችሁ፣ ወይም ነበርን ብላችሁ ለመፈረም ፈቃደኛ የሆናችሁ አንባብያን፣ እስከ ሐሙስ 11 ሰዓት ድረስ ሁለት ቀለም እስክሪብቶ ይዛችሁ በጥራት ማረጋገጫ ዳይሬክቶሬት ቢሮ እንድትገኙ በትህትና እንጠይቃለን።