ሻኛው የት ገባ?

ይድረስ ለቦሌው ስቴክ ቤት አስተዳደር

ጉዳዩ፦ የሻኛ አቤቱታን ይመለከታል

በቅድሚያ ስለ መብራታችሁ ላመስግን። ሜኑውን ያነበብኩት በስልኬ ባትሪ ነው። ዋጋው ላይ ስደርስ ግን ቤቱን ለምን እንዳጨለማችሁት ገባኝ።

ከተቀመጥንበት ፊት ለፊት፣ ግድግዳው ላይ በጠመኔ የተሣለ በሬ አለ። ገላው እንደ ክልል ካርታ በመስመር ተሸንሽኗል፤ ሪብአይ በዚህ፣ ቲቦን በዚያ፣ ፊሌቶ ከወደ መሐል። ድንበሩ ላይ ክርክር የለኝም። የእኔ ጥያቄ በሬው ለምን ሻኛ የለውም ነው። የፈረንጅ በሬ ጀርባው ልሙጥ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱ ምን ያድርግ፣ አልፈጠረበትም። አስተናጋጃችሁ ደረቱን ነፍቶ እንደነገረን ግን የምታቀርቡት የቦረና ሰንጋ ነው። የቦረና ሰንጋ ደግሞ አዲስ አበባ የሚገባው ሻኛውን ተሸክሞ ነው። ተራ ቁርጥ ቤት የሚሄድ ሰው እንኳ ገና ሳይቀመጥ የተሰቀለውን በዓይኑ ይመዝናል፤ ሻኛው አልቋል? ጎድኑስ ጮማ ይዟል? ማልዶ የመጣ ሻኛውን ያስቆርጣል፣ ያረፈደ በተረፈው ይጽናናል። እናንተ ዘንድ ግን ከመሸ ብመጣም ማልጄ ብመጣም መልሱ ያው ነው፤ «ይቅርታ ጋሼ፣ ሜኑው ላይ የለም።»

«እንዴት ይብሰልልዎ?» ተባልኩ። «ጥሬውን» አልኩ። ጥሬ ሥጋ ለጤና እንደማይመከር በትሕትና አስረዳኝና መሐሉ ቀይ የሆነውን ሚዲየም ሬር መከረኝ። ምክሩን በአክብሮት ተቀብያለሁ። አያቶቻችን ቁርጡንም ኮሶውንም ጊዜ ጠብቀው ይወስዱ ነበር እንጂ ከሁለቱ መሐል ያለውን እሳት አላሰቡትም።

የመስታወቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ስላስቀመጣችሁት ሥጋም ጠየቅኩ። 28 ቀን ቆይቷል አሉኝ። ሲቆይ ይላላል፣ ውሃው ይተናል፣ ጣዕሙ ይጠነክራል፤ ይህ እውነት ነው። ውሃው በተነነ ቁጥር ክብደቱ ስለሚቀንስ ዋጋው ይጨምራል፤ ይህም እውነት ነው፣ የተነነውን ውሃ ማን ይክፈል የሚለው ባይነሣ። የሠፈሬ ባለሥጋ ቤት «የዛሬ ነው» ብሎ ይምልልኛል፤ እናንተ «የዛሬ ወር ነው» ብላችሁ ታስከፍሉኛላችሁ። ሜኑው ላይ ያለው 300 ግራምም ሳይጠበስ የተመዘነው ነው። እሳቱ ድርሻውን ወስዶ የተረፈው ከሦስት ዘለላ ፎሶልያና ከአንድ የጥብስ ቅጠል ጋር መጣልኝ።

2,000 ብር የተባለው ሥጋ 10 በመቶ የአገልግሎት፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ተደርቦበት 2,530 ሆነ። ቫቱ የመንግሥት ነው፣ በእሱ አልመጣባችሁም። ረቡዕና ዓርብ ቅናሽ እንዳላችሁ የሚገልጸውን ማስታወቂያም አይቻለሁ። ደንበኛው ሲጾም መለገሳችሁን አደንቃለሁ።

ወደ አቤቱታዬ ልመለስ። መታጠቢያ ቤት ፍለጋ ስዞር የኩሽናው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ምግብ አብሳዮቻችሁ አንዲት ትሪ ከበዋል። ትሪዋ ላይ ሚጥሚጣ፣ አዋዜ፣ እንጀራ፣ በመካከሉም ቀይና ነጩ የተፈራረቀ፣ ዓይን የሚያጠግብ ሻኛ። አንደኛው አየኝና «ጋሼ፣ እንብላ!» አለ። እግሬን ሳነሣ አስተናጋጁ ከኋላዬ ደርሶ «መታጠቢያው በዚህ በኩል ነው» ብሎ መለሰኝ።

ስለዚህ ለመጪው ቅዳሜ የሁለት ሰው ቦታ እንድትይዙልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሳሎን ሳይሆን ከኩሽናው በር ወዲያ። ቢላ ይዤ እመጣለሁ፤ ወንበር ከሌለ በርጩማ ይበቃናል። 10 በመቶዋን ያለ ክርክር እከፍላለሁ፣ ለዚያች ትሪ ባለቤቶች የምትደርስ ከሆነ።

ከሰላምታ ጋር
ሻኛ ያልደረሰው ደንበኛችሁ