ከመረግድ ወደ ጽፋት

የእትዬ በለጡ ግቢ፥ ተከራዮቹ ሁሉ በአንድ የመብራት ቆጣሪ የሚገለገሉበት፥ ስለዚህም የአንዱ አምፖል የሁሉም ጉዳይ የሚሆንበት ግቢ ነው። በዚህ ግቢ ከኋላ ክፍል የሚኖረው ናትናኤል፥ የሰርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ለመሆን ቈርጦ ከተነሣ ወዲህ፥ አንድ ያገለገለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ገዝቶ፥ ከጠረጴዛው ላይ በጎኑ አጋድሞ፥ ክዳኑን ገልጦ ሲመረምረው፥ ዕድሜያቸውን በዜማና በባሕረ ሐሳብ መምህርነት የፈጸሙት ጎረቤቱ መሪጌታ ከዘራቸውን ይዘው ከደጁ ደረሱ። ሊቃውንት የሰው በር የሚያንኳኩት በሳል ነውና፥ እርሳቸውም ሳሉ።

መሪጌታ፦ እንዴት ዋልህ፥ ልጄ? ምን ቢበድልህ ነው ሆዱን የዘረገፍኸው?

ናትናኤል፦ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ይግቡ፥ ይቀመጡ። ኦቨርክሎክ ላደርገው ነው፤ ፕሮሰሰሩ፥ ማለትም የሚያስበው ክፍል፥ ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሠራ ማስገደድ ማለት ነው። ይህ የኢንቴል ኮር 2 ኳድ፥ ኪው 6600 ይባላል፤ በ1999 ዓ.ም. በገና ሰሞን ገበያ ላይ ውሎ በጊዜው ስሙ የገነነ፥ ባለ አራት ኮር ነው።

መሪጌታ፦ 1999 ዘመነ ሉቃስ ነበር። እንግዲያስ ሽማግሌ ነዋ! ሽማግሌን ከጡረታው አስነሥቶ ማሯሯጥ ከየትኛው ሥርዓት የተገኘ ነው?

ናትናኤል፦ አቅም አለው እኮ፥ መሪጌታ። በማዘርቦርዱ ላይ በሴኮንድ 266 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ ምት አለ፤ ፕሮሰሰሩም ያንን በ9 ያበዛዋል።

መሪጌታ፦ 2394።

ናትናኤል፦ 2400 ነው የሚባለው። ምቱ በትክክል 266 ከሁለት ሦስተኛ ስለሆነ ነው።

መሪጌታ፦ ታዲያ ክፍልፋዩን ምን ብለህ ዋጥኸው? ክፍልፋይ የሚውጥ ሰው አበቅቴ ቢቈጥር ፋሲካን በሑዳዴ ያውለን ነበር። ቀጥል።

ናትናኤል፦ ማባዣው ከ9 እንዳያልፍ ተቈልፏል፤ የምነካው ምቱን ነው። በባዮስ፥ በማሽኑ መነሻ ቅንብር፥ ገብቼ 333 ከአንድ ሦስተኛ ባደርገው...

መሪጌታ፦ ሦስት ሺህ! ገባኝ። እኛም በማሕሌት፥ በቁም ዜማ ጀምረን፥ ዝማሜውንና መረግዱን አድርሰን፥ ከበሮ መቺው ምቱን ሲያፋጥነው ሁላችን በአንድነት ወደ ጽፋት እንሻገራለን። አንተም አራቱን መዘምራን ከመረግድ ወደ ጽፋት ልታሻግር ነው። ነገር ግን ከበሮው ሲፈጥን ባለ ጸናጽሉም ሳይወድ በግዱ ይፈጥናልና፥ እርሱ ቢደናገርስ?

ናትናኤል፦ ባለ ጸናጽሉ ራሙ፥ የማሽኑ ጊዜያዊ ማስታወሻ፥ ነው፤ እውነትም አብሮ ይፈጥናል። ስለዚህ ሬሾውን ዝቅ አድርጌ፥ 800 የነበረውን ዲዲአር 2 በ667 አስጀምረዋለሁ።

መሪጌታ፦ መዘምራኑስ ሲደክሙ?

ናትናኤል፦ ቮልቴጅ ይጨመርላቸዋል።

መሪጌታ፦ ጠላ ማለትህ ነው። ስንት ዋንጫ?

ናትናኤል፦ ከ1.25 ወደ 1.375 ቮልት። ችግሩ፥ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር ያድግና፥ ደግሞ ከቮልቴጁ ጋር በራሱ ተባዝቶ ያድጋል።

መሪጌታ፦ የጨመርኸው ዐሥረኛውን ነው፤ 1.1 በራሱ ሲባዛ 1.21፤ በፍጥነቱ፥ በ1.25 ሲባዛ 1.51። ኧረ ልጄ፥ ለሩብ ፍጥነት የአንድ ተኩል መብራት!

እትዬ በለጡ፦ (ከግቢ) የምን አንድ ተኩል መብራት ነው?

ናትናኤል፦ ምንም አይደለም፥ እትዬ! ፋብሪካው 95 ዋት ያለው ወደ 143 ቢደርስ ነው። የእርስዎ ምጣድ እኮ ብቻውን የሃያውን ይበላል።

እትዬ በለጡ፦ የኔ ምጣድ እንጀራ ያወጣል፤ ያንተ ምን ያወጣል?

ናትናኤል፦ ሰርግ። ዐሥር ሰዓት የሚፈጀውን ሬንደር፥ ቪዲዮውን አጠናቅሮ የማውጣቱን ሥራ፥ በስምንት ሰዓት ይጨርሳል።

መሪጌታ፦ ሬንደር የምትለው መቼ ነው የሚሠራው?

ናትናኤል፦ ሌሊት፥ ስተኛ።

መሪጌታ፦ ሁለቱ ሰዓት የሚተርፍልህ በእንቅልፍህ ነዋ! ለመሆኑ ሰርጉ የማን ነው?

ናትናኤል፦ ደንበኛ ገና አልመጣም።

(እዚህ ላይ መሪጌታ ሊናገሩ ከንፈራቸውን ከፍተው፥ ጎረቤትነትን አክብረው መልሰው ገጠሙት። ናትናኤልም ኀፍረቱን ለመሸፈን ማቀዝቀዣውን ነቀለው፤ ከፋኑ ሥር የዓመታት አቧራ የብረቱን ክንፎች እርስ በርስ እስኪያጣብቅ ድረስ ደፍኗቸው፥ ቴርማል ፔስቱም ደርቆ ተሰነጣጥቆ ተገኘ። አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠረገ፤ ፔስቱን በአልኮል አጥቦ በመካከሉ ጥቂት አዲስ አኖረበት፤ ገጥሞም አስነሣው።)

ናትናኤል፦ ይመልከቱ! በሥራ ላይ 80 ዲግሪ ይደርስ የነበረው 60 ሆነ።

መሪጌታ፦ እሰይ፥ ተፈወሰ! በል ክደነው።

ናትናኤል፦ ኧረ ገና አልጀመርኩም!

(ምቱን ከፍ አደረገ። በመጀመሪያው ሙከራ ስክሪኑ ጨለመ፤ የማዘርቦርዱን ባትሪ አውጥቶ የባዮሱን ቅንብር አጠፋ፤ በሁለተኛው ተነሣ።)

ናትናኤል፦ አሁን ጽናቱ በፕራይም 95 ይፈተናል። ይህ ፕሮግራም ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸውን ግዙፍ ቁጥሮች የሚፈልግ ነው፤ ቁጥሮቹም በ1648 እ.ኤ.አ. በሞተው በፈረንሳዊው መነኩሴ በማሪን መርሰን ስም ይጠራሉ። ስሌቱ እጅግ ከባድ ስለሆነ ማሽን መፈተኛ አደረጉት።

መሪጌታ፦ አካፋይ የሌላቸው? እንግዲህ ቁጥሮቹም እንደ ፈላጊያቸው መናንያን ናቸው። መነኩሴው በበዓቱ ተቀምጦ የደከመበትን፥ እናንተ ለግርፋት አዋላችሁት! ለሰርግ ቪዲዮ በመነኩሴ ቁጥር መገረፍ ደግሞ...

ናትናኤል፦ ቆይ፥ ቆይ! አንደኛው ኮር ቆመ። «የማጠጋጋት ስሕተት 0.5፤ የሚጠበቀው ከ0.4 በታች» ይላል።

መሪጌታ፦ ሦስቱስ?

ናትናኤል፦ እየቀጠሉ ነው።

መሪጌታ፦ ይህኛው ስሕተቱን አውቆ ዝም አለ፤ መልካም መዘምር ነው። ዜማ ስቶ ድምፁን ከፍ የሚያደርገው ነው የሚያስፈራኝ። ማሽንህ ሳይናገር ቢሳሳትስ ምን ይሆናል?

ናትናኤል፦ በቪዲዮው መካከል የሙሽራዋ ፊት አረንጓዴ ይሆናል።

እትዬ በለጡ፦ (ብቅ ብለው) በስመ አብ! አንተ ልጅ፥ የሰው ልጅ አረንጓዴ አድርገህ ክፍያ ልትጠይቅ ነው? አጥፋልኝ ይህን ነገር፤ ሊጥ አቡክቼ ምጣድ ልሰካ ነው።

ናትናኤል፦ እሺ፥ እትዬ። ምቱን 300 ላይ አድርጌ፥ ቮልቴጁንም ሳልጨምር በ2700 እተወዋለሁ፤ ይበቃል።

መሪጌታ፦ 2700? እርግጥ ነው፥ ክፍልፋይ የሌለበት ንጹሕ ቁጥር ነው። ግን እኮ ሦስቱ አልሳቱም! ስለ አንዱ ድካም ማሕሌቱ ሁሉ ይፈታል እንዴ? ቮልቴጁን አንዲት እርከን ብቻ ከፍ ብታደርግለት፥ 1.3875 ቢሆን፥ በ1.25 ሲካፈል 1.11፤ በራሱ ሲባዛ 1.23 ከምናምን...

ናትናኤል፦ መሪጌታ፥ ምናምኑን ዋጡት!

መሪጌታ፦ ዝም በልና ባዮሱን ክፈት።

እትዬ በለጡ፦ መሪጌታ! እርስዎ እንኳ?

መሪጌታ፦ ወይዘሮ በለጡ፥ ጽፋት ከተጀመረ በኋላ በመካከል አይቋረጥም፤ ሊጡን ለነገ ያሳድሩት።