ድራማ በወለጋ መንገድ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምቴ የተደረገ የመስክ ጥናት

የፊልም ሊቃውንት ድራማን «በሰዎች ግጭትና ስሜት ላይ የሚያተኩር ዘርፍ» ይሉታል። ይህን የሚሉት ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው የሚያዩ ሰዎች ናቸው። በወለጋ መንገድ ግን ድራማ የሚታየው በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከሾፌሩ አናት በላይ በተሰቀለች ስክሪን ነው። የሚታየውም ረዳቱ በፍላሽ ይዞት የመጣው ተከታታይ ነው። የታሪኩን ፍጻሜ የሚወስነው ደራሲው ሳይሆን ተሳፋሪው የከፈለው ታሪፍ ነው። የዚህ ጥናት መነሻ ይኸው ነው።

ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሆለታ ወራጅ የሚያየው ትውውቁን ብቻ ነው፤ ድሃው ልጅ ከሀብታሟ ልጅ ጋር ይጋጫል፣ መጻሕፍቷ ይበተናሉ፣ ሁለቱም ለማንሣት እኩል ያጎነብሳሉ። ይህ ተሳፋሪ ድራማ ማለት የፍቅር ኮሜዲ ይመስለዋል፤ እየሣቀም ይወርዳል። አምቦ ወራጅ እናቲቱ ሆስፒታል ስትገባ ይደርሳል። ሐኪሙ ከክፍሉ ወጥቶ መነጽሩን ያወልቃል፤ በዘርፉ ታሪክ መነጽሩን አውልቆ መልካም ወሬ የተናገረ ሐኪም አልተገኘም። ጌዶ ሲደረስ የቤት ሠራተኛዋ ትሪ እንደያዘች በር ሥር ቆማ ታዳምጣለች። ትሪው ከወደቀ ምስጢሩ ከባድ ነው፤ ካልወደቀ ገና ብዙ ክፍል ይቀራል። ባኮ ወራጅ ቤተሰቡን ፍርድ ቤት እንዳቆመ ጥሎት ይሄዳል። እርቁን የሚያየው እስከ ነቀምቴ የከፈለ ብቻ ነው።

ክፍለ ሀገር ራሱ በድራማ ውስጥ ምን ሥራ አለው ለሚለው መልሱ አጭር ነው፤ ባል ፊልድ የሚወጣበት ቦታ ነው። ባል ሻንጣውን ይዘጋል፣ ሚስቱን ግንባሯን ይስማል፣ በሚቀጥለው ትዕይንት ተመልሶ ሳሎኑ ውስጥ የሰው ጫማ ያገኛል። ይህን የሚመለከተው ተሳፋሪ በበኩሉ ከተነሣ ሰዓታት ቢያልፉም ገና ጉደር ነው።

ቋንቋን በተመለከተ የተገኘው ውጤት ያልተጠበቀ ነበር። ባኮ ላይ አንዲት አማርኛ የማይሰሙ አዛውንት ተሳፈሩ። ዘንቢላቸውን እግራቸው ሥር አደላድለው ስክሪኑን አዩ። አንድ ሰውዬ በቪላ ሳሎን ውስጥ ውስኪ ይዞ ብቻውን ይስቃል። እናታችን ጥቂት ተመለከቱና ጎናቸው ላለው ወጣት «አባ ኢሼቲ» አሉት፤ አባቷ ነው። ወጣቱ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ሲከታተል የመጣ ነበርና በአክብሮት ተቃወመ። ሰውዬው የእጮኛዋ አጎት መሆኑን በኦሮምኛ አብራራላቸው። እሳቸውም አልተከራከሩም። ስሬ ሳይደረስ የዲኤንኤ ውጤቱ በፖስታ መጣ። አባቷ ነበር።

አዛውንቷ ነቢይ ሆነው አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የታየው የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት የኢትዮጵያ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» ይሰኛል። ዘርፉ ከዚያ ወዲህ ከጥቁርና ነጭ ወደ ቀለም፣ ከፊልም ጥቅል ወደ ፍላሽ ተሸጋግሯል፤ የሂሩትን ጥያቄ ግን እስካሁን ተቀባብሎ እየጠየቀ ነው። በ1966 ዓ.ም. የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» ደም የተቃቡ ሰዎችን ጉዳይ አንሥቶ ነበር። ዛሬ የፊልም ሽልማት በስሙ ተሰይሟል። በኦሮሞ ባህል ጉማ የነፍስ ካሳ ተከፍሎ፣ ሽማግሌ ተመላልሶ ደመኞች የሚታረቁበት ሥርዓት ነው። በአውቶቡሱ ድራማ ግን መርዝ ያጠጣም የተጠጣም በሠርግ አዳራሽ ይተቃቀፋሉ፤ ካሳ የሚጠይቅ የለም፣ ኬክ ይቆረሳል።

የአካባቢው እውነተኛ ታሪክ ለዘርፉ እንደማይመች መመዝገብ ይኖርበታል። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሰርቆ ለባርነት ተሸጠ፣ ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ፣ ስዊድን ድረስ ሄዶ ተማረ። ከአስቴር ጋኖ ጋር ሠርቶ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ እ.ኤ.አ. በ1899 አሳተመ፤ በ1904 ነቀምቴ ገብቶ ማስተማር ጀመረ። የድራማ ደራሲ ይህን ቢያነብ ጉድለቱ ወዲያው ይታየዋል፤ እናቱ ገበያ መሐል የምታውቅበት ጠባሳ አልተጻፈለትም። ቃል እየመረጡ ዓመታት መቀመጥ ደግሞ ፒያኖ ቢገባበት እንኳ አያስለቅስም።

ጥናቱ ለአዘጋጆች አንድ ምክር ይሰጣል፤ አባት ከጌዶ በፊት ይታወቅ። የባኮ ሰውም ታሪፍ ከፍሏል።

ከነቀምቴ ወደ ግምቢና ደምቢ ዶሎ የሚቀጥሉት ተሳፋሪዎች ራሱን የቻለ ጥናት ያስፈልጋቸዋል። ረዳቱ ለእነሱ ሁለተኛ ተከታታይ ይከፍታል፤ ነቀምቴ መግቢያ ላይ አልቅሰው የቀበሩት ተዋናይ ከአሜሪካ ሻንጣ እየጎተተ ይገባል። እስካሁን ቅሬታ ያቀረበ ተሳፋሪ የለም።