ኤክስ ፎር ዛይሎፎን

የአዲስ አበባ ወላጅ የልጁን የንባብ ችሎታ የሚለካው በእንግዳ ነው። እንግዳ ሲመጣ ልጁ ከጓዳ ይጠራና "እስቲ ለጋሼ ኤቢሲዲ በልላቸው" ይባላል። እሱም እጁን ወደኋላ አጣምሮ ከኤ እስከ ዜድ በአንድ ትንፋሽ ያወርደዋል። ጭብጨባው ይቀልጣል። መሀል ላይ ያለው ኤል፣ ኤም፣ ኤን፣ ኦ፣ ፒ "ኤሌሜኖፒ" የሚባል አንድ ፊደል መስሎት እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። ዜማው እስካልተሳሳተ ድረስ ምን አገባን!

ይህን ጥበብ ላስለመዱን አፀደ ሕፃናት ምስጋና ይግባቸው። ዳይፐር በቅጡ ያልተሰናበተውን ሕፃን ኢንተርቪው አድርገው ነርሰሪ ካስገቡት በኋላ ግድግዳው ላይ ካለው ሥዕል ፊት ያቆሙታል። ኤ ፎር አፕል። አይ ፎር ኢግሉ፤ የበረዶ ጎጆ ማለት ነው፤ መርካቶ የሚያድግ ልጅ ይህን ሳያውቅ እንዴት ይሆናል? ኤክስ ፎር ዛይሎፎን። ዛይሎፎን የሚባለውን ነገር ልጁ አላየውም፣ መምህርቷ አላየችውም፣ ክፍያውን የሚሰበስቡት ባለቤትም አላዩትም። በዚያ ላይ ቃሉ ሲነገር የሚሰማው "ዛ" ነው። የኤክስን ድምፅ ለማስተማር የኤክስ ድምፅ የሌለበትን ቃል መርጦ መስቀል፣ መቼም ቀላል ተሰጥኦ አይደለም።

የእኛ ፊደል ለዚህ ሥራ አይመችም። ስሙና ድምፁ አንድ ነው። "ቤ"ን እና "ት"ን የለየ ልጅ "ቤት" ብሎ ያነባል፤ አለቀ። ከዚህ ምን ይተረፋል? እንግሊዝኛው ግን ሲ፣ ኤ፣ ቲ ተብሎ ሲደመር "ካት" ይወጣል። እንዴት እንደወጣ ለማስረዳት አስጠኚ ይቀጠራል፣ መጽሐፍ ይገዛል፣ አንድ ተርም ይጨመራል። በእርግጥ ሠላሳ ሦስቱ ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ለሕፃን ይበዛል የሚል ወላጅ አይጠፋም። ካዕብ በአብዛኛው ወገቡ ላይ፣ ሣልስ እግሩ ላይ መቀጠሉን፣ ራንና ፋን ከመሳሰሉ ጥቂት አፈንጋጮች በቀር መልኩ የሚተነበይ መሆኑን ለዚህ ወላጅ እንዳትነግሩት። ሰበቡን ታሳጡታላችሁ።

ደግሞ አማርኛ ጨርሶ ተረስቷል ብሎ ማማት ነውር ነው። በሳምንት የተወሰነ ክፍለ ጊዜ አለው፤ በዚያች ሰዓት ክፍሉ በሙሉ ሀ ሁ ሂ እያለ ጣሪያውን ያነሣዋል። ከጩኸቱ መሀል አንዱን ነጥላችሁ "ሞ"ን ብታሳዩት ከ"መ" ተነሥቶ፣ ጣቱን እያጠፈ፣ ሙ ሚ ማ እያለ በእግሩ ይመጣል። ሳያየው በቃሉ ነው የያዘው።

ኋላ ቀር ብለን ያሰናበትናቸው የኔታ ይህን በሽታ ከእኛ በፊት ያውቁት ነበር። ሀሁን ሸምድዶ የሚያታልላቸውን ልጅ አቡጊዳ ላይ ይጥሉታል፤ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ሰልፉ ይበተናል፣ ቤተሰቡ ይቀላቀላል፤ በዜማ ማምለጥ የለም። ልጁ ስንደዶውን ይዞ እያንዳንዷን ፊደል እየነካ ይለቅማል። ይህን ሲወጣ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ዳዊት ይጠብቀዋል። አለንጋቸውን አልናፍቅም፤ ከአለንጋው ጋር አቡጊዳውን መጣል ግን ግዴታ አልነበረም። እኛ ደጎች ስለሆንን ሁለቱንም ጥለን ጩኸቱን ብቻ ይዘን ቀረን።

ውጤቱስ? እናትዬው ቡና ላይ "አማርኛ እኮ አስቸገረው!" ትላለች። ፊቷን እዩት፤ ልጇ እንደታመመ ሳይሆን ውጭ አገር እንደሄደ ነው የምትናገረው። ጎረቤቷም በቅናት "የእኔዋማ አማርኛ ሲያወሯት ራሱ ትቆጣለች" ብላ ትበልጣታለች። ማታ ማታ ደግሞ ሦስት ገጽ ሙሉ ኤ ይጻፍ የሚል የቤት ሥራ አለ። የአራት ዓመት ጣት እርሳስ አይጨብጥምና እናት ልጇን እጁን ይዛ ትጽፋለች። ልጁ እንቅልፍ ሲወስደው ብቻዋን ትጨርሰዋለች። በነጋታው ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ "ጎበዝ" ተብሎ ይመጣል። ይገባታል፤ ጽሕፈቷ በእውነት ተሻሽሏል።

ይህ ሁሉ የሀብታም ነገር ነው ብሎ የሚከፋው ካለ ይጽናና። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የተማሪዎች ንባብ ሲመዘን፣ ከሁለተኛ ክፍሎቹ ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። አብዛኞቹ ዛይሎፎንን ሰምተውት አያውቁም። እዚያው ቦታ በነፃም ይደረሳል።

ክፍያው ግን ምርቃት ያስገኛል። ሰኔ ላይ አዳራሽ ይከራያል፣ ዩኬጂ የጨረሱት ጥቁር ጋውንና ባለ መነሳንስ ቆብ ለብሰው ይሰለፋሉ፤ አንዳንዱ ጋውኑን እየረገጠ ይወድቃል። መግቢያው ላይ የተመራቂዎቹ ፎቶና ስም ያለበት ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። አባት ተመራቂውን ትከሻው ላይ አውጥቶ "ስምህ የቱ ጋ ነው?" ይለዋል። ልጁ ሳያመነታ ጣቱን ፎቶው ላይ ይቀስራል። አባት በደስታ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ጋውኑ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይመለሳል፤ ላቆሸሸ ቅጣት አለው።