ያረጀ ቱልስን ስለማደስ ከሰርቨር ክፍል የወጣ አዋጅ

ስማ፣ ስማ፣ ተሰማማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በሰቆጣ ከተማ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ በአንድ ሰርቨር ላይ ተደራርበህ የምትኖር ቨርቹዋል ማሽን ሁሉ፤ ፋይናንስ ሆይ፣ የሰው ኃይል ሆይ፣ ማን እንደፈጠረህ የማይታወቀው «ቴስት 2» ሆይ፣ አድምጥ!

ቪኤምዌር ቱልስህ ማርጀቱን የሚናገረው ቢጫ ምልክት ከስምህ ጎን ከተለጠፈ ዓመት ያለፈው በመሆኑ፤

ቱልሱ የከዳው እንግዳ ማሽን ኔትወርኩ የሚያዘግም፣ «በሥርዓት ተዘጋ» ሲባልም የማይሰማ በመሆኑ፤

በከተማችን ስም በ2007 ዓ.ም. የታወጀው ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የወጣ ቁም ነገር ሲሆን፣ ይህኛው ግን የአንድ ሰርቨር ጣጣ በመሆኑና ሁለቱ እንዳይምታቱ በማስፈለጉ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የሪስታርት ፍርሃት ማስወገጃ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። በአማርኛም በኽምጥኛም ይነበባል፤ በሁለቱም አልገባኝም ማለት ክልክል ነው።

አንቀጽ 2፦ ስለ ሰዓት

እንግዳ ማሽን ሰዓቱን ከአስተናጋጁ ሰርቨር ይቀዳል። የፋይናንስ ማሽን 11 ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ አንድ የክፍያ ሰነድ ከመዘጋጀቱ በፊት የጸደቀ ሆኖ ተገኝቷል፤ ኦዲተሩ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ ደግመው አዩት። «በኢትዮጵያ ሰዓት ነው የምሠራው» የሚል ማመካኛ ተቀባይነት የለውም፤ የእኛ ሰዓት ከሌላው የሚለየው በ6 ሰዓት እንጂ በ11 ደቂቃ አይደለም።

አንቀጽ 3፦ ስለ አካሄድ

መጀመሪያ ስናፕሾት ይነሳል፤ ቀጥሎ ቱልሱ ይታደሳል፤ ቨርቹዋል ሃርድዌሩ የሚታደሰው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ኔትወርክ ካርዱን ሲፈልግ ይክረም። ሊኑክስ የሆንክ ኦፕን ቪኤም ቱልስህን ከራስህ ዲስትሪቢዩሽን ውሰድ፤ እኛን አታድክም። ስናፕሾት ባክአፕ አይደለም፤ ከ72 ሰዓት በላይ ያቆየው ሰው ዲስኩ ሲሞላ ስልኩን እንዳይዘጋ።

አንቀጽ 4፦ ስለ ሪስታርት

ዊንዶውስ ቱልሱ ሲታደስ ብዙ ጊዜ ሪስታርት ይጠይቃል። አምስት ደቂቃ ቢበዛ ነው። መቼ ይሁን ብለን ክፍሎቹን አማከርን። ሰኔ በጀት ይዘጋል፣ አይሆንም። ሐምሌ በጀት ይከፈታል፣ ጭራሽ አይታሰብም። ነሐሴ 16 ሻደይ ይገባል፤ ልጃገረዶቹ አደባባይ ወጥተው ሲጫወቱ ሰርቨር ክፍል የሚቀመጥ ባለሙያ አይገኝም፣ መገኘትም የለበትም። መስከረም ሪፖርት ነው። ዋግ ሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ሲነግሡ ስማቸውም ማዕረጋቸውም ባንድ ጊዜ ታድሷል፤ የሰው ኃይል ክፍል ግን ለአምስት ደቂቃ ሪስታርት አጥኚ ኮሚቴ ይቋቋም አለ። ተቋቋመ። አበል ጠየቀ።

መብራት ግን ማንንም ሳያማክር ይሄዳል። ዩፒኤሱ ጥቂት ይጮኻል፣ ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም፣ ማሽኑ ሁሉ ባለበት ድርግም ይላል። ለዚህ የቅሬታ ደብዳቤ የጻፈ ክፍል እስካሁን የለም። የታቀደ አምስት ደቂቃ ያስገመግማል፤ ያልታቀደ ግማሽ ቀን «ምን ይደረግ» ተብሎ ይታለፋል።

አንቀጽ 5፦ ስለ ኩብለላ

ቪኤምዌር በኅዳር 2016 ዓ.ም. በብሮድኮም ተጠቅልሎ፣ ቋሚ ላይሰንስ መሸጡ ቀርቶ በየጊዜው የሚከፈልበት ስለሆነ፣ «ወደ ፕሮክስሞክስ ልንሄድ ነው፣ አሁን ማደስ ለምኔ?» የሚሉ አሉ። እዚያም ኪውኢሙ ጌስት ኤጀንት የሚባል ጫኑኝ፣ አድሱኝ ባይ አለ።

አንቀጽ 6፦ አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ

በየማሽኑ ሴቲንግ ውስጥ «በተነሳ ቁጥር ቱልሱን ፈትሽና አድስ» የምትል ሳጥን አለች። ዛሬ ማታ፣ ኮሚቴው ከወጣ በኋላ፣ በዊንዶውስ ማሽኖች ሁሉ ላይ ምልክት ተደርጎባታል። ስለሆነም ይህ አዋጅ መብራት ሄዶ ከተመለሰበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል።

ኮሚቴው ጥናቱን ይቀጥላል።